የተርሚናል መስኮትና የማስመሰል ሁነታ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




በኮምፒዩተር ላይ ጥቁር መደብ ያለው የጽሑፍ መስኮት ተከፍቶ ሲታይ፥ ብዙ ሰው ተራ የመጻፊያና የማንበቢያ ቦታ አድርጎ ይመለከተዋል። የመሐንዲስ ዓይን ግን ከዚህ አልፎ ማየት ይገባዋል። ይህ መስኮት ከዓመታት በፊት በፋብሪካ ተሠርቶ፥ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፥ በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ይሠራ የነበረ የአንድ እውነተኛ ዕቃ አምሳያ ነው። ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል፤ ጠባዩና ቋንቋው ግን በፕሮግራም ተመስሎ እስካሁን ይኖራል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የተርሚናል ማስመሰያ ይባላል። በተለመደው አነጋገር አስመሳይ መባል ነቀፋ ነው፤ በዚህ ሙያ ግን የሚነቀፈው በሚገባ ያላስመሰለው ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ መስኮትን ወደ ማስመሰል ሁነታ ማሸጋገር ምን ማለት እንደ ሆነ፥ እንዴትስ እንደሚፈጸም ማስረዳት ነው። ሁነታ ማለት፥ በአጭሩ፥ ላኪና ተቀባይ ስለ ምልክቶች ትርጉም የገቡት ውል ነው። ውሉ ሲፈርስ የሚታየው ነገር የመሣሪያ ብልሽት ይመስላል። ከዚህም የተነሣ ጤነኛ ሽቦ ይነቀላል፤ ጤነኛ መሣሪያ ይፈታል፤ ሥራም ይቆማል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ውሉ ባዕድ እጅ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ይሆናል። በሚከተለው ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ አመጣጥ

በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው የኮድ ሥርዓት፥ በ7 ቢት ሊጻፉ ለሚችሉ 128 ቁጥሮች ትርጉም ሰጠ። ከእነዚህም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ፊደላት ሳይሆኑ ትእዛዞች ናቸው። ለምሳሌ ቁጥር 7 ደወል ያስደውላል፤ ቁጥር 10 ወደሚቀጥለው መስመር ያወርዳል፤ ቁጥር 13 ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል። በዚያው ዓመት የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሴኮንድ 10 ምልክቶችን በወረቀት ላይ ያትም ነበር። በወረቀት ላይ የታተመ አይሰረዝም፤ ስለዚህ ያ መሣሪያ ብዙ ትእዛዝ አላስፈለገውም።

ስክሪን ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። 24 መስመርና በየመስመሩ 80 ቦታ ያለው ስክሪን 1920 ቦታዎች አሉት። ይህን ሁሉ በቴሌታይፕ ፍጥነት ለመሙላት ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በሴኮንድ 960 ምልክት በሚያስተላልፍ የ9600 ቦድ መስመር ላይ እንኳ 2 ሴኮንድ ይወስዳል። ስለዚህ የተለወጠውን ቦታ ብቻ ማደስ እንዲቻል ጠቋሚውን ወደ ፈለጉት ቦታ የሚያንቀሳቅስ፥ መስመር የሚያጠፋ፥ ብርሃን የሚያጎላ ትእዛዝ አስፈለገ። ለዚህም የተመረጠው ቁጥር 27፥ ኤስኬፕ የተባለው ምልክት ነው። የኤስኬፕ ትርጉም «ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው የሚታይ ሳይሆን የሚታዘዙት ነው» የሚል ነው።

ችግሩ እያንዳንዱ ኩባንያ ከኤስኬፕ በኋላ የየራሱን ቋንቋ መፍጠሩ ነበር። በ1975 የወጣው የዲጂታል ኩባንያ ቪቲ52 ተርሚናል ጠቋሚውን ወደ 5ኛው መስመር 10ኛ ቦታ ውሰድ ለማለት ኤስኬፕ፥ ትልቁ ዋይ፥ የዶላር ምልክትና የቀኝ ቅንፍ ይላክለት ነበር። የመስመሩና የቦታው ቁጥር በእያንዳንዱ ላይ 31 ተጨምሮበት 36 እና 41 ይሆናል፤ የዶላር ምልክትና የቀኝ ቅንፍ ደግሞ የእነዚህ ቁጥሮች አስኪ ምልክቶች ናቸው። የሌላ ኩባንያ ስክሪን ይህን አይረዳም። ይህን መለያየት ለማስቀረት የአውሮፓ ኮምፒዩተር አምራቾች ማኅበር በ1976 ኤክማ 48 የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ በአሜሪካም በ1979 ኤክስ3.64 ተከተለ። በ1978 ለገበያ የቀረበው ቪቲ100 ይህን አዲስ መንገድ ያዘ። በዚህ ቋንቋ ያው ትእዛዝ ኤስኬፕ፥ የግራ ካሬ ቅንፍ፥ 5፥ ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር፥ 10፥ ትልቁ ኤች ተብሎ ይጻፋል።

በቪቲ52 ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች ግን በየቦታው ነበሩ። እነዚህን መጣል ስለማይቻል፥ የቪቲ100 ሠሪዎች በመሣሪያቸው ውስጥ የቪቲ52ን ጠባይ ጨመሩበት። እንግዲህ ማስመሰል ከመስኮት ይቀድማል ማለት ነው፤ የጠረጴዛው ዕቃ ራሱ የቀደመውን ወንድሙን ያስመስል ነበር።

ሽግግሩ እንዴት ይፈጸማል

ቪቲ100ን ወደ ቪቲ52 ሁነታ ለማስገባት ኤስኬፕ፥ የግራ ካሬ ቅንፍ፥ የጥያቄ ምልክት፥ 2 እና ትንሹ ኤል ይላካል። ለመመለስ ግን የሚላከው ኤስኬፕና የ«ያንሳል» ምልክት ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ያለው ልዩነት የነገሩን ምሥጢር ይገልጣል። መግቢያው የሚነገረው ተርሚናሉ በሚያውቀው በመጀመሪያው ቋንቋ ነው፤ መውጫው ግን መነገር ያለበት በገባበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ መግቢያውን ብቻ አውቆ መውጫውን ያላወቀ ፕሮግራም፥ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በውጭ እንደ ተወ ሰው ይሆናል።

ይህ ሕግ ይበልጥ የሚጎላው ኤክስተርም በተባለው መስኮት ነው። በ1984 መጻፍ የተጀመረው ይህ ፕሮግራም የቪቲ100ን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ቴክትሮኒክስ 4014 የተባለውን የሥዕል ተርሚናልም ያስመስላል። የቴክትሮኒክሱ ስክሪን ሥዕሉን በማስታወሻ ሳይሆን በመስተዋቱ ላይ ይዞ የሚያቆይ ስለ ነበር፥ አንድን መስመር ለይቶ ማጥፋት አይቻልም ነበር፤ ማጥፋት ሲያስፈልግ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ኤክስተርም ኤስኬፕ፥ የግራ ካሬ ቅንፍ፥ የጥያቄ ምልክት፥ 38 እና ትንሹ ኤች ሲደርሰው ወደዚህ ሁነታ ይሸጋገራል። ከዚያ በኋላ ቁጥር 29 ሥዕል መጀመሩን ያበስራል፤ የሚከተሉት ባይቶችም በስክሪኑ ላይ ያለ የነጥብ አድራሻ ይሆናሉ። በቪቲ100 ሁነታ ትልቁ ኤ ተብሎ ይታይ የነበረው ቁጥር 65፥ እዚህ የአግድሙን አድራሻ የታችኛውን ክፍል ይሰጣል፤ መስመሩም የሚሰመረው ይኸው ክፍል ሲደርስ ነው። ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ኤስኬፕና ቁጥር 3 ይላካሉ።

የአማርኛ ቅኔ ሰሚ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቃሉ አንድ ነው፤ ሰሙን የሚሰማና ወርቁን የሚሰማ ግን የተለያየ ነገር ይዘው ይሄዳሉ። የባይቶቹ ፍሰት አንድ ሲሆን፥ ፊደል ነው ወይስ ትእዛዝ፥ ትእዛዝ ከሆነስ በየትኛው ቋንቋ የሚለውን የሚወስነው የሰሚው ሁነታ ነው።

በዊንዶውስ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ1983 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 2.0 አንሲ የተባለውን ቋንቋ የሚያስተረጉም ተጨማሪ ፕሮግራም ነበረው። በኋላ የመጣው የዊንዶውስ ኮንሶል ግን ቀለምንና ጠቋሚን የሚያዝዘው በባይት ፍሰት ሳይሆን በቀጥታ የሥርዓት ጥሪ ነበር፤ ማለትም መስኮቱ ተርሚናል ቢመስልም ተርሚናል አልነበረም። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን አንድ ፕሮግራም የኮንሶሉን የውጤት ሁነታ ጠይቆ፥ ዋጋው 4 የሆነውን ቢት ጨምሮ ሲመልሰው፥ መስኮቱ የኤስኬፕ ትእዛዞችን መታዘዝ ይጀምራል። ይህ ቢት ሳይበራ ቀይ ቀለም ያዘዘ ፕሮግራም፥ ቀለሙ ቀርቶ የካሬ ቅንፍ፥ 31ና ትንሹ ኤም በጽሑፉ መካከል ተዘርተው ይታያሉ። ሁነታው የመስኮቱ እንጂ የፕሮግራሙ የግል ንብረት ስላልሆነ፥ መልካም ፕሮግራም ቀድሞ የነበረውን ሁነታ መዝግቦ ይይዛል፤ ሲወጣም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ሁለቱ ወገኖች

ከሽቦው ማዶ ያለው ኮምፒዩተር መስኮቱን አያየውም። የሚያምነው የተነገረውን ስም ነው። በዩኒክስ ሥርዓት ይህ ስም ተርም በተባለ ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል። በበርክሌይ ቢል ጆይ በ1978 የጻፈው ተርምካፕ የተባለ መዝገብ የየተርሚናሉን ስምና ቋንቋ በዝርዝር ይይዝ ነበር፤ በኋላም ተርሚንፎ ተተካበት። ኮምፒዩተሩ ስሙን ያነብባል፤ መዝገቡን ይገልጣል፤ በዚያ ቋንቋም ይጽፋል። ስሙ ቪቲ52 ሆኖ መስኮቱ በቪቲ100 ሁነታ ቢቆም፥ ቀደም ሲል የተጠቀሰው የጠቋሚ ትእዛዝ ሲደርስ መስኮቱ ኤስኬፕ ዋይን አላውቀውም ብሎ ያልፈዋል፤ የዶላር ምልክቱንና የቀኝ ቅንፉን ግን እንደ ጽሑፍ ያሳያቸዋል።

እንግዲህ አንድ ቴክኒሽያን በሌሊት ከአንድ የመገናኛ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ፥ ላፕቶፑን በሲሪያል ገመድ አገናኝቷል እንበል። አገልግሎቱ ተቋርጧል፤ ስክሪኑም በትክክል አይነበብም። ይህ ሰው ገመድ ከመለወጡ በፊት የሚያየውን ነገር ዓይነት ቢለይ ግማሹን ሥራ ጨረሰ ማለት ነው።

ምንም የማይነበብ የተዘበራረቀ ምልክት የሚታይ ከሆነ፥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የመስመሩ ፍጥነት ወይም የቢቶቹ አቆጣጠር ነው። ብዙ መሣሪያዎች 9600 ቦድ፥ 8 የመረጃ ቢት፥ ያለ ፓሪቲ፥ 1 የማቆሚያ ቢት ይጠብቃሉ። በዚህ ደረጃ ላይ ስለ ማስመሰል ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው፤ ባይቶቹ ራሳቸው ገና በትክክል አልደረሱምና።

ጽሑፉ የሚነበብ ሆኖ በመካከሉ የካሬ ቅንፍና ቁጥር የተዘራበት ከሆነ ግን መስመሩ ጤነኛ ነው። የተጓደለው ውሉ ነው። መስኮቱ ማስመሰሉን አልጀመረም፤ ወይም በሌላ ቋንቋ ላይ ቆሟል።

ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ወደ ማዕዘንና ወደ መስመር ቁራጭ ተለውጠው ከታዩ፥ ምናልባት ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል በስክሪን ላይ ፈስሶ በውስጡ የነበረው ቁጥር 14 የፊደል ገበታውን ቀይሮት ይሆናል። ቁጥር 15 ይመልሰዋል፤ ይህ ካልበቃ ኤስኬፕና ትንሹ ሲ ተርሚናሉን እንደ ገና እንደ በራ ያደርጉታል።

መስኮቱ ጨርሶ የደነዘዘ ከመሰለ ደግሞ፥ መሣሪያው ሞቷል ከማለት በፊት ኮንትሮልና ኪው መጫን ይገባል። ኮንትሮልና ኤስ ሳይታሰብ ሲጫኑ ቁጥር 19 ይላካል፤ ትርጉሙም «ማስተላለፍ አቁም» ነው። «ቀጥል» የሚለው ቁጥር 17 እስኪመጣ ድረስ ማዶ ያለው በትእግሥት ይጠብቃል። በትእዛዝ ዝም ያለን መሣሪያ እንደ ሞተ ቆጥሮ ኃይሉን ማቋረጥ፥ ያልነበረ ብልሽት መፍጠር ነው።

በሁነታ ለውጥ ብቻ የማይደረስበት ወሰን መኖሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። የአይቢኤም 3270 ተርሚናሎች ምልክቶችን አንድ በአንድ አይልኩም፤ ሠራተኛው ቅጹን በስክሪኑ ላይ ሞልቶ የመላኪያውን ቁልፍ ሲጫን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ኮዳቸውም ሌላ ነው፤ በአስኪ 65 የሆነው ትልቁ ኤ በእነርሱ ዘንድ 193 ነው። በቪቲ100 ሁነታ የቆመ መስኮት እንዲህ ካለው ሥርዓት ጋር ያለ አስተርጓሚ አይነጋገርም፤ ለብቻው የተሠራ ማስመሰያ ያስፈልገዋል።

የአማርኛ ጉዳይ

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት ይላካል። መስኮቱ በዩቲኤፍ 8 ሁነታ ካልቆመ እነዚህን 3 ባይቶች አንድ ፊደል አድርጎ አይቀበላቸውም። ብዙዎች ከዚህ የሚመጣው ጉዳት የፊደል መበላሸት ብቻ ይመስላቸዋል። ጉዳቱ ግን ከዚያ ያልፋል።

በ1983 የወጣው ቪቲ220ና የእርሱን ፈለግ የተከተሉት ባለ 8 ቢት ተርሚናሎች ከ128 እስከ 159 ያሉትን ቁጥሮች ለትእዛዝ መድበዋቸዋል። ከእነዚህም ቁጥር 136 ጠቋሚው ባለበት ቦታ ታብ ይተክላል፤ ቁጥር 155 ደግሞ ለብቻው የኤስኬፕንና የካሬ ቅንፍን ሥራ ይሠራል። አሁን «አማርኛ» የሚለውን ቃል እንመርምር ቢባል፥ «ማ» 225፥ 136፥ 155 ሆኖ ይላካል፤ «ኛ»ም 225፥ 138፥ 155 ነው። እንግዲህ ዩቲኤፍ 8ን የማያውቅ ባለ 8 ቢት መስኮት የቋንቋውን ስም ሲቀበል፥ በ«ማ»ና በ«ር» ውስጥ ባለው 136 ምክንያት ሳይታወቅ ታብ ይተክላል፤ በ«ማ»ና በ«ኛ» መጨረሻ ላይም ሁለት ጊዜ ትእዛዝ ተጀመረ ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ባይት ሳይታይ በትእዛዙ ውስጥ ሊዋጥ ይችላል። አንባቢው የሚያየው ጽሑፉ እንደ ጎደለና እንደ ተዛባ ነው፤ ምክንያቱ ግን ፊደሉ ራሱ ትእዛዝ ሆኖ መነበቡ ነው።

መድኃኒቱ ሽግግር ነው። ይህን ሥርዓት በሚያውቁ መስኮቶች ኤስኬፕ፥ የፐርሰንት ምልክትና ትልቁ ጂ ወደ ዩቲኤፍ 8 ሁነታ ያስገባሉ። ይህ ሲሆንም የሚቀር ነገር አለ። ተርሚናል ስክሪኑን እኩል በሆኑ ሳጥኖች የከፈለ መሣሪያ ነው፤ ብዙዎቹ ማስመሰያዎች ለግዕዝ ፊደል እንደ ላቲኑ አንድ ሳጥን ብቻ ይሰጡታል። እንደ «ጠ»ና «ጨ» ያሉት ሰፋፊ ፊደላት በዚያ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ወይም ወደ ጎረቤታቸው ይገባሉ። ለሳጥኑ የሚመጥን የፊደል ቅርጽ መንደፍ የዚህን ሀገር መሐንዲስና የፊደል ነዳፊ በአንድነት የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ስለ መታዘዝና ስለ መታመን

ወደ ማስመሰል ሁነታ የገባ መስኮት የሚያሳይ ብቻ ሳይሆን የሚታዘዝ ነው። የሚመልስም ነው። ኤስኬፕ፥ የግራ ካሬ ቅንፍና ትንሹ ሲ «አንተ ማነህ?» የሚል ጥያቄ ናቸው፤ ቪቲ100 ሲጠየቅ ማንነቱን የሚገልጽ የባይት መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ የሚሄደው በኪቦርዱ መንገድ ስለሆነ፥ ማዶ ያለው ፕሮግራም ሰው ከጻፈው ለይቶ ሊያውቀው አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው አደጋ ግልጽ ነው። አንድ ክፉ አሳቢ በመዝገብ ፋይል ውስጥ የኤስኬፕ ምልክቶችን ቢያስገባ፥ ፋይሉን በስክሪን ላይ የሚያፈስሰው ኃላፊ ሳያውቅ የእርሱን ትእዛዝ በመስኮቱ ላይ ያስፈጽማል። በስክሪኑ ላይ ያለውን እውነተኛ መረጃ ማጥፋት፥ ሐሰተኛ መስመር በላዩ መጻፍ ይቻላል። አንዳንድ ማስመሰያዎች የመስኮቱን ርእስ ሲጠየቁ መልሰው ይልኩ ስለ ነበር፥ አስቀድሞ በርእሱ ውስጥ የተደበቀ ቃል ሰው እንደ ጻፈው ሆኖ ሊገባ ይችል ነበር። ይህ ድካም በ2003 በወጣ የደኅንነት ጥናት ተገልጦ፥ ብዙ ማስመሰያዎች እንዲህ ያለውን መልስ ዘግተውታል ወይም በፈቃድ ብቻ እንዲሠራ አድርገውታል። ቢሆንም መሠረቱ አልተለወጠም፤ የሚታዘዝ መስኮት ያዘዘው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነገረው ለዕለት ሥራ የሚጠቅሙ ጥቂት ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፥ የማንኛውም መሣሪያ መመሪያ ሲዘጋጅ የገመዱ ዓይነትና የመስመሩ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፥ መሣሪያው የሚጠብቀው የተርሚናል ዓይነትና የፊደል ኮድ አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ሁነታ ሲቀይር መውጫውን አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ፕሮግራሙ በስሕተት ሲቋረጥም መመለሱ እንዲፈጸም ያድርግ። ሦስተኛ፥ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ፋይል የትእዛዝ ምልክቶችን በሚታይ መልክ በሚያሳይ ማንበቢያ ይከፈት እንጂ፥ እንዲሁ በተርሚናል ላይ አይፍሰስ። አራተኛ፥ ለሀገር ውስጥ አገልግሎት የሚገዛ ወይም የሚጻፍ ሥርዓት ከመረከቡ በፊት «አማርኛ» የሚለው ቃል በተርሚናሉ ላይ ይጻፍበት። ይህ ባለ አራት ፊደል ቃል፥ እንደ ታየው፥ ከብዙ ገጽ ፈተና ይልቅ የሁነታውን ጤንነት ይመሰክራል።

ወጣት መሐንዲሶች ስለ ተርሚናል ሲማሩ ያለፈ ዘመን ታሪክ የሚማሩ እንዳይመስላቸው ያስፈልጋል። ቪቲ100 ከፋብሪካ መውጣቱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቋንቋው ግን ዛሬም በታላላቅ ሰርቨሮችና በራውተሮች ላይ ይነገራል። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ስክሪኑ ሲዛባ አይደነግጥም፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «ማን በየትኛው ቋንቋ እየተናገረ፥ ማንስ በየትኛው እየሰማ ነው?» የሚለውን ነው።